ለትምህርት ባልደረሱ ሕፃናት ላይ ስለሚታየው ከመጠን ያለፈ ውፍረት

ለመምህራንና ለወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት

በአገራችን ስለ ሕፃናት አመጋገብ በተነገረ ቁጥር አስቀድሞ የሚታሰበው የምግብ ማነስ ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ፣ ከመቶው 10ሩ ደግሞ ለቁመታቸው ክብደታቸው ያነሰ ሆነው ተገኝተዋል። ለቁመታቸው ክብደታቸው የበዛ ሆነው የተገኙት ግን ከመቶው 1 ያህል ብቻ ነበሩ።

እንግዲህ ቁጥሩ ይህን ያህል አነስተኛ ከሆነ ስለ ውፍረት መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ይህ ጠንቅ ከገጠሩ ይልቅ በከተማ ይበዛል፤ የዚህ ጽሑፍ አንባብያን የሚኖሩትና የሚያስተምሩትም በአብዛኛው በከተማ ነው። ሁለተኛ፣ በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 37 ሚሊዮን የሚሆኑት ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ እንደ ነበረ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አስታውቀዋል። ከዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የሚኖሩት በሀብታም አገሮች ሳይሆን ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች ነው። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ይህ ነው፤ ሕፃን ሲከሳ ወላጅ ይደነግጣል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ሐኪም ይፈለጋል። ሕፃን ከልክ በላይ ሲወፍር ግን ዘመድ ሁሉ ጉንጩን እየቆነጠጠ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ያመሰግናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠንቅ ሲመጣ በር ይዘጋበታል፤ ሁለተኛው ግን በምስጋና ወደ ቤት ይገባል።

፩. ውፍረትና ጤንነት አንድ አይደሉም

ረሀብና ተላላፊ በሽታ ብዙ ሕፃናትን በሚቀጥፉበት ዘመን ደልደል ያለ ሰውነት የተረፈ ሕፃን ምልክት ነበር። አያቶቻችን ወፍራም ሕፃን ሲያዩ ደስ የሚላቸው ከዚህ የተነሣ ስለ ሆነ ሊወቀሱበት አይገባም። ነገር ግን የሰውነት መወፈር ብቻውን የጤንነት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ነገር አስቀድመን ሁለት ማስጠንቀቂያዎች እንሰጣለን።

የመጀመሪያው፣ ወፍሮ የሚታየው ሕፃን ሁሉ የወፈረ አይደለም፤ ያበጠ ሊሆን ይችላል። ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉት ሴት ሐኪም ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬይቱ ጋና ሲሠሩ፣ ፊታቸውና እግራቸው የሚያብጥ ነገር ግን በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን አይተው እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ሕመሙ ጻፉ፤ በ1935ም ክዋሺዮርኮር በሚለው የአገሩ ስም ለሐኪሞች ሁሉ አሳወቁት። እንዲህ ያለው ሕፃን ጉንጩ ሞልቶ ይታያል፤ ነገር ግን ይነጫነጫል፣ ምግብ ይጠላል፣ ጠጉሩ ይሳሳል። ለመለየት የሁለቱን እግሮቹን ጀርባ በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መልቀቅ ነው። የጣቱ ስፍራ ጎድጉዶ ከቀረ ነገሩ እብጠት ነውና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ አንድ ሕፃን በምግብ እጥረት የተጎዳና ውፍረት ያለው ሆኖ በአንድ ጊዜ ሊገኝ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጥሩ ምግብ አጥቶ ቁመቱ ያጠረ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ስኳርና ዘይት የበዛበት፣ ነገር ግን ሰውነትን የሚገነባ ንጥረ ነገር የጎደለው ምግብ ቢለመድ ወደ ጎን ይሰፋል እንጂ ወደ ላይ አያድግም። ከመጠን በላይ ወፍሮ ሳለ የብረት ንጥረ ነገር አንሶት ደሙ የሳሳ ሕፃን ማግኘትም እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ ማነስና መብዛት ሁለት የተለያዩ ቤቶች ጎብኚዎች አይደሉም፤ በአንድ ቤት፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ።

፪. በምን ይታወቃል?

በዐይን መገመት ያሳስታል። ወላጆች የልጃቸውን ውፍረት አሳንሰው ማየታቸው በብዙ አገሮች የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚታመነው ሚዛንና የቁመት መለኪያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 የሕፃናት የእድገት መለኪያ አውጥቷል። ይህ መለኪያ የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የሚኖሩ፣ ጡት የጠቡና በመልካም ሁኔታ ያደጉ 8 ሺህ 500 ያህል ሕፃናትን በመመርመር ነው። ከጥናቱ የተገኘው ትልቅ ትምህርት፣ በሚገባ የተመገቡና በደኅና የተያዙ ሕፃናት ከየትኛውም ዘር ቢወለዱ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት እድገታቸው እጅግ የተቀራረበ መሆኑ ነው። ስለዚህ «የእኛ ልጆች ተፈጥሯቸው ነው» የሚለው ማመካኛ ለማጠርም ሆነ ለመወፈር አያገለግልም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የሕፃኑ ክብደት ከቁመቱ ጋር ይተያያል። በእድገት ሰንጠረዡ ላይ ከመካከለኛው መስመር በላይ 1፣ 2 እና 3 የሚል ቁጥር ያላቸው መስመሮች አሉ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከ2ኛው መስመር በላይ ከሆነ ክብደቱ ከመጠን ያለፈ ይባላል፤ ከ3ኛው መስመር በላይ ከሆነ ከልክ ያለፈ ውፍረት አለው ይባላል። ለማስታወስ ያህል፣ የ4 ዓመት ሕፃን መካከለኛ ክብደት 16 ኪሎ ግራም፣ መካከለኛ ቁመቱም 103 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይሁን እንጂ ረዥም ልጅ ቢከብድ፣ አጭር ልጅም ቢቀል የተፈጥሮ ስለ ሆነ በዚህ ቁጥር ብቻ ፍርድ አይሰጥም። አንድ ጊዜ ከመመዘንም ይልቅ በየጊዜው ተመዝኖ በካርዱ ላይ የሚሠመረው መስመር ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ይበልጣል።

፫. ውፍረት ከየት ይመጣል?

በጥቂት ሕፃናት ላይ ውፍረት የሚመጣው ከዕጢዎች ሕመም ወይም ከትውልድ በተወረሰ ችግር ነው። በአብዛኞቹ ላይ ግን መንስኤው የዕለት ኑሮ ነው። ይህንም ለመረዳት በከተማ የሚኖር አንድ የ4 ዓመት ልጅ እንዴት እንደሚውል እንመልከት።

ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ ይጠጣል። ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሲሄድ በምሳ ዕቃው ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ ይያዝለታል። ከትምህርት ሲመለስ እንዳያለቅስ ከሱቅ የድንች ጥብስ ወይም ከረሜላ ይገዛለታል፤ ይህንም በቴሌቪዥን ወይም በስልክ ፊት ተቀምጦ ይበላል። ማታ እንጀራ በወጥ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። እናትየው «ዛሬም ምንም አልበላ» ብላ ስለምታዝን፣ ጾሙን እንዳያድር ስኳር የተጨመረበት ወተት አጠጥታ ታስተኛዋለች። ይህች እናት ወደ ጤና ጣቢያ መጥታ «ልጄ ምግብ አይበላም» ብትል አልዋሸችም፤ ልጁ በእውነት ምግብ አይበላም። ነገር ግን በሚዛን ላይ ሲወጣ ከመጠን በላይ ከብዶ ይገኛል። እንዲወፍር ያደረገው የሚበላው ምግብ ሳይሆን በምግቦች መካከል የሚገባው ነገር ነው፤ ምግቡን እንዲጠላ ያደረገውም ይኸው ነው።

ስለ ጣፋጭ መጠጥ ልዩ ማስታወሻ መስጠት ተገቢ ነው። በጠርሙስ የሚሸጥ ለስላሳ መጠጥ በአብዛኛው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ወይም 11 ግራም ስኳር አለበት። እንግዲህ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ 32 ግራም ያህል ማለት 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ እንዲሁም በማርና በጭማቂ ውስጥ ያለው ስኳር፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከመቶው 10 እንዳያልፍ፣ ቢቻልም ከመቶው 5 እንዳይበልጥ መክሯል። የ4 ዓመት ልጅ በቀን 1 ሺህ 300 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል ብንል፣ ከመቶው 10 የሚሆነው 130 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ ይህ ከ32 ግራም ብዙም አያልፍም። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻ የቀኑን የስኳር ድርሻ ጨርሶታል፤ ለሻዩም ለብስኩቱም የቀረ የለም። ከዚህም በቀር ስኳር በፈሳሽ መልክ ሲገባ እንደ ምግብ ስለማያጠግብ ልጁ ሌላውን አይቀንስም።

ሌሎቹ ምክንያቶች በአጭሩ እነዚህ ናቸው።

ሀ/ ጡት በሚገባ አለመጥባት። ሕፃኑ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱ ከውፍረትም ይጠብቀዋል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሲጠግብ ራሱ ይተዋል፤ በጡጦ የሚጠጣውን ግን አሳዳጊው «ጨርስ» ብሎ ያስገድደዋል።

ለ/ የጨዋታ ማነስ። ግቢ በጠበበበት፣ መንገዱም መኪና በበዛበት ሰፈር ልጅን በቤት መቆለፍ ተለምዷል።

ሐ/ የእንቅልፍ ማነስ። እንቅልፍ የሚጎድላቸው ሕፃናት ይበልጥ ለውፍረት እንደሚጋለጡ ጥናቶች ያሳያሉ።

መ/ ምግብን ለማባበያ መጠቀም። «ዝም ካልህ ከረሜላ አለልህ» የተባለ ልጅ ሲከፋው መብላትን ይማራል።

፬. የሚያስከትለው ጉዳት

«ሲያድግ ይቀልጥለታል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሕፃን ከአንድ ዓመት በኋላ በተፈጥሮ እየቀጠነ ሄዶ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ገና መሙላት መጀመሩ እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ መካከል ሊቀጥን ሲገባው እየወፈረ የሚሄድ ልጅ ማስጠንቀቂያ ነው። በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ ሊቃውንት ብዙ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በ3 ዓመታቸው ከልክ ያለፈ ውፍረት ከነበራቸው ከመቶው 90 የሚሆኑት በጉርምስናቸውም ጊዜ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል። ከልክ በላይ የወፈሩት ጎረምሶችም ክብደታቸው እጅግ የተፋጠነው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው እንደ ነበረ ታውቋል። ስለዚህ ወሳኙ ዘመን ልጁ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ነው።

ውፍረቱ ከቀጠለ ልጁ ካደገ በኋላ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብና የደም ሥር ሕመም፣ በጉበት ላይ የስብ መከማቸት ሊያስከትል ይችላል። ገና በሕፃንነትም ቢሆን በእንቅልፍ ጊዜ የመተንፈስ ችግር፣ የጉልበትና የእግር ሕመም ሊደርስ ይችላል። ስኳሩ ጥርስን ያበሰብሳል። ከሁሉም በላይ መምህራን ሊያስተውሉት የሚገባው የመንፈስ ጉዳት አለ፤ በቅጽል ስም የሚጠራና በጨዋታ ጊዜ የሚገለል ሕፃን ከሌሎች ይሸሻል፤ መሮጥም ይተዋል፤ ይህም ውፍረቱን ያብሳል።

፭. ምን ማድረግ ይገባል?

በቤት ውስጥ፦

1. ምግብን በተወሰነ ሰዓት መስጠት። ለዚህ ዕድሜ በቀን 3 ዋና ምግብና 2 መክሰስ ይበቃል። በመካከሉ ሲጠማው ውኃ ይሰጠው።

2. የሥራ ክፍፍል ማድረግ። ምን እንደሚቀርብና በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ የሚወስነው ወላጅ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ግን ልጁ ነው። ጥቂት ማቅረብ፣ ሲጠይቅ መጨመር፣ «በቃኝ» ሲል ማመን ይገባል። ማጉረስ የፍቅር ምልክት የሆነበት አገር ልጆች ነንና ይህ ለብዙዎቻችን ከባድ ነው፤ ቢሆንም የጠገበ ሕፃን መጉረስ የለበትም።

3. የቤቱን ምግብ ማክበር። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ፣ ወተት፣ ሙዝና ብርቱካን በገንዘብም በጥቅምም ከታሸገው ይሻላሉ። ገንፎና አጥሚት መልካም ምግብ ናቸው፤ ነገር ግን ለከሳ ልጅ የሚጨመረው ቅቤ ለወፈረው አይጨመርም። ወተቱም ያለ ስኳር፣ በቀን ከግማሽ ሊትር እምብዛም ሳይበልጥ ይሁን። ደረቅ ቆሎና ለውዝ ግን ከ5 ዓመት በታች ያለን ሕፃን ሊያንቁ ስለሚችሉ አይሰጡ።

4. ልጁ አዲስ ምግብ ቢጠላ አለመተው። አንድ ሕፃን አንድን ምግብ እስኪለምድ 10 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያም በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ያለ ቁጣ፣ ያለ ጉቦ ደጋግሞ ማቅረብ ነው።

5. ማጫወትና ማስተኛት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ መከረው የ3ና የ4 ዓመት ሕፃናት በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ፣ ከዚህም ውስጥ 60 ደቂቃ የሚሆነውን ትንፋሽ በሚያስቆርጥ ጨዋታ ማሳለፍ ይገባቸዋል። በቴሌቪዥንና በስልክ ፊት መቀመጣቸው ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ባይኖርም ይሻላል። እንቅልፋቸውም ከ10 እስከ 13 ሰዓት ይሁን።

በመዋዕለ ሕፃናት፦

መምህራን የምሳ ዕቃን ነገር ከወላጆች ጋር በስብሰባ መክረው፣ ብስኩትና ጣፋጭ መጠጥ እንዳይመጣ በአንድ ቃል ቢስማሙ ማንም ልጅ ጓደኛውን አይቶ አያለቅስም። የልደት ቀን በጠርሙስ ብዛት ሳይሆን በዘፈንና በጨዋታ ይከበር። ንጹሕ የሚጠጣ ውኃ በልጆቹ ቁመት ልክ ይቀመጥ። ለሩጫ ሰፊ ሜዳ የግድ አያስፈልግም፤ ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ የገመድ ዝላይ በጠባብ ግቢም ይሆናሉ። ማናቸውም መምህር ከረሜላን ለሽልማት፣ ከጨዋታ መከልከልንም ለቅጣት አያድርግ።

፮. ማድረግ የማይገባው

የወፈረን ሕፃን ማስራብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሕፃን እያደገ ስለ ሆነ አእምሮውና አጥንቱ በየቀኑ ምግብ ይፈልጋሉ። በአብዛኛው የሚፈለገው ክብደቱ እንዲቀንስ ሳይሆን ቁመቱ እየጨመረ ሄዶ ክብደቱን እስኪደርስበት ድረስ ባለበት እንዲቆይ ወይም በዝግታ እንዲጨምር ነው። የማክሻ መድኃኒትም ሆነ ሻይ መስጠት አደገኛ ነው።

ወንድሞቹ ብስኩት እየበሉ እርሱን ብቻ መከልከልም ግፍ ነው፤ የሚለወጠው የቤቱ ሁሉ አኗኗር ይሁን። ጣፋጩ ከቤት ከጠፋ ክልከላም ልቅሶም አይኖርም። በልጁ ፊት ስለ ውፍረቱ መናገር፣ መሳቅና ማነጻጸር ይቅር።

፯. ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የልጁ መስመር በካርዱ ላይ ከ2ኛው መስመር ሲያልፍ፤ እየወፈረ ሳለ ቁመቱ ማደግ ሲያቆም፤ በእንቅልፉ እያንኮራፋ ትንፋሹ ሲቋረጥ፤ ብዙ ውኃ እየጠጣ ብዙ ሲሸና፤ በንግግርና በአእምሮ እድገት ከእኩዮቹ ሲዘገይና ጨርሶ ጥጋብ የማያውቅ ሲሆን፤ እንዲሁም ከላይ የተነገረው እብጠት ሲታይ ነው።

ማጠቃለያ

ወላጆችና አያቶች ለልጃቸው የሚያበሉት ስለሚወዱት ነው፤ ስለዚህ መምህር ሲመክራቸው ፍቅራቸውን ሳይሆን ልማዱን ይንቀፍ። በአንድ ቀን ሁሉን መለወጥ አይቻልም። በዚህ ሳምንት የሻዩን ስኳር በግማሽ መቀነስ፣ በሚቀጥለው የምሳ ዕቃውን ብስኩት በሙዝ መተካት፣ ከዚያም ማታ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ይቻላል። ይህ ወጪን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በ4 ዓመት በጥቂት ድካም የሚስተካከለው ነገር በ40 ዓመት በብዙ መድኃኒት አይስተካከልም።

ለማስተማሪያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ወፍሮ የሚታይ ሕፃን ያበጠ መሆኑ በምን ይለያል?
2. በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ስንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ? በወላጆች ስብሰባ ላይ በብርጭቆ ውስጥ እየሰፈራችሁ አሳዩ።
3. «ልጄ ምግብ አይበላም» የሚባልለት ልጅ ክብደቱ እንዴት ሊበዛ ይችላል?
4. የወፈረን ሕፃን ማስራብ የማይገባው ለምንድን ነው?
5. በመዋዕለ ሕፃናታችሁ ግቢ 60 ደቂቃ የሩጫ ጨዋታ በየትኛው ሰዓትና በምን ዓይነት ጨዋታ ሊገኝ እንደሚችል ጻፉ።